እምምታውን ዝም ያሰኘች ሳጥን

ጅማ ውስጥ ለሠርግና ለስብሰባ ሳውንድ አከራያለሁ። የማወራችሁ ከስፒከሮቼ የሚወጣውን እምምታ ስላጠፋችልኝ ትንሽ ሳጥን ነው። ድምፅዋን በጣም የምወዳት አሮጌ ፕሪአምፕ (ድምፁን ወደ ስፒከር ከመሄዱ በፊት የምታዘጋጅ ዕቃ) አለችኝ። ችግሯ መውጫዋ አርሲኤ (የቤት ዕቃ ላይ ያለው ትንሹ ክብ መሰኪያ) ብቻ መሆኑ ነው። ስፒከሮቼ ደግሞ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት ፒን የማይክ ዓይነት መሰኪያ) ናቸው። ለዓመታት ያገናኘኋቸው በራሴ ካውያ በሠራሁት ገመድ ነው፤ ሦስተኛውን ፒን ከአንደኛው ጋር አጣብቄ። በአጭር ገመድ፣ ቤት ውስጥ፣ ምንም አይልም።

ጥር ላይ ሂርማታ አካባቢ ድንኳን ውስጥ ግን ጉድ ሆንኩ። 20 ሜትር ገመድ ዘርግቻለሁ። ፕሪአምፗ መብራት የወሰደችው ከሙሽራው ቤት፣ ስፒከሮቹ ከጎረቤት። ሽማግሌው ሊመርቁ ሲነሱ እምምም የሚል ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ረዳቴ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ የኧርዙን ሽቦ ልቁረጠው?" አለኝ። በፍጹም! ኧርዝ ከመብራት አደጋ የሚጠብቅ ሽቦ ነው፤ የሰው ሕይወት ነው።

የሁለቱ ቤቶች ግራውንድ፣ ማለትም የኧርዛቸው ቮልቴጅ፣ እኩል አልነበረም። ልዩነቱ በገመዱ ሺልድ (ውስጡን በሚከበው የሽቦ ሽፋን) ይፈሳል፤ አርሲኤ ደግሞ ያንኑ ሺልድ ለሙዚቃው መመለሻ ስለሚጠቀምበት የመብራቱ 50 ኸርዝ አብሮ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ነው በፕሪአምፗና በስፒከሮቹ መካከል የምትገባውን ይህችን ስም የሌላት ሳጥን የገዛሁት። ከፈትኳት። ከክብሪት ሳጥን የሚያንሱ ሁለት ትራንስፎርመሮች፣ አንድ ለአንድ የተጠመጠሙ (የሁለቱም ጥቅሎች ዙር እኩል ነው)። ሙዚቃው ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው የሚሻገረው በማግኔት ነው፤ ሽቦ ለሽቦ አይነካካም። የግራውንድ ማላቀቂያውን፣ የመብራቱን ኧርዝ ሳይነካ የድምፅ ገመዱን ሺልድ ብቻ የሚያላቅቀውን ቁልፍ፣ ስጫነው እምምታው ጥፍት አለ። ስፒከሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ዝም።

ድምፅ ትጨምራለች ብላችሁ ግን አትግዟት። የቤት ዕቃ የሚሰጠው 0.316 ቮልት አካባቢ ነው፣ የስቱዲዮ ዕቃ የሚጠብቀው 1.23። አንድ ለአንድ ትራንስፎርመር ይህን አይሞላም። የስፒከሩን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ከፍ ማድረግ ግድ ሆነብኝ።

ቤዝ ላይም ትደክማለች። ከበሮ የበዛበት ዘፈን ከፍ አድርጌ ስለቅ ዱምታው ይደፈርሳል። ትንሽ ኮር (ጥቅሎቹ የተጠመጠሙበት ብረት) ከባድ ቤዝ አይችልም። ለምርቃት፣ ለንግግር፣ ለለስላሳ ሙዚቃ ግን እንከን አላገኘሁባትም። ለጭፈራው ትልቅ ኮር ያለው እየፈለግኩ ነው።

የኤክስኤልአር መሰኪያዋ ትንሽ ይወዛወዛል። ሁለቱን ብሎን አጥብቄ ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር በፕላስተር አስሬዋለሁ።