ማስጠንቀቂያ፦ የተበጠሰ ገመድ «ካምቢዮው አልቋል» ተብሎ ሲሸጥ

ይህን የምጽፈው በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ በናሮውቦት፣ ማለትም ለቦይ በተሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ፣ ለምትኖሩ ወይም ለእረፍት ተከራይታችሁ ለመንዳት ለምታስቡ ወገኖች ነው። የለንደን የቤት ኪራይ ከደመወዝ ጋር አልመጣጠን ሲላቸው እንደ እኔ ውሃ ላይ መኖር የጀመሩ ሁለት ሦስት ሐበሾች አውቃለሁ፤ ከእነርሱ ጋር ስንጫወት እንደተረዳሁት ጀልባ መንገድ ላይ ሲቆም ማን እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚጠየቅና የቱ ላይ «አይሆንም» እንደሚባል አስቀድሞ ያሰበ አንድም ሰው የለም። እኔም አላሰብኩም ነበር፣ ዋጋውንም ከፍያለሁ። ጉዳዩ ገና ስላልተቋጨ ለጥገና የጠራሁትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ስሙን ብጠራው እንኳ ነገ በሌላ ስም ማስታወቂያ ማውጣት ስለማያቅተው፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ማወቁ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ወር፣ ከለንደን እስከ በርሚንግሃም 137 ማይል በሚዘልቀው የግራንድ ዩኒየን ቦይ ላይ ነው። በዚህ ቦይ ላይ 166 ሎኮች አሉ፤ ሎክ ማለት ጀልባውን ከታችኛው ውሃ ወደ ላይኛው የሚያወጣ፣ በሁለት በኩል መዝጊያ ያለው ክፍል ነው። ከሁሉም ጥልቅ የሆነውን፣ አስራ አንድ ጫማ ያህል የሚወርደውን የዴንሃም ሎክ አልፌ ወደ ሪክማንስዎርዝ ሳመራ፣ ፍጥነቱንም ማርሹንም የሚያዘውን እጀታ ወደፊት ብገፋው ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጀልባው አልሄደም። ወደኋላ ብስበውም ያው ሆነ። ነፋሱ ወደ ማዶው ቁጥቋጦ እየገፋኝ፣ በረጅሙ እንጨት እየተመረኮዝኩ እንደምንም ወደ እግረኛው መንገድ ዳር ተጠጋሁና ችካል መትቼ አሰርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ስህተት ነው ማለት ይቻላል። በስልኬ ፈልጌ መጀመሪያ ላይ የመጣውን፣ «በየትኛውም ቦይ፣ በየትኛውም ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ያወጣውን ድርጅት ደወልኩለት። ስልኩን ያነሳችው ሴት በሚያጽናና አነጋገሯ አንጀቴን አራሰችው፤ ነገር ግን አሁን መለስ ብዬ ሳስበው የሞተሩን ዓይነት አልጠየቀችኝም፣ የካምቢዮውን ዓይነት አልጠየቀችኝም፣ ያለሁበትን ድልድይ ቁጥር እንኳ አልጠየቀችኝም። በእነዚህ ቦዮች ላይ ድልድዮች ቁጥር የተለጠፈባቸው ለዚሁ ነው፤ እውነተኛ መካኒክ ከየትኛው ድልድይና ሎክ መካከል እንዳላችሁ፣ መኪና እስከየት እንደሚደርስና ሞተሩ ምን ሠሪ እንደሆነ ሳያውቅ ከቤቱ አይወጣም፤ ምክንያቱም የሚይዘው መለዋወጫ በዚያ ይወሰናል። እርሷ አጥብቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ 180 ፓውንድ የመጥሪያ ክፍያ፣ በባንክ ማስተላለፍ፣ ሰውየው ከመነሳቱ በፊት። ላክሁ።

መካኒክ ነኝ ባዩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። የኋላውን የወለል ጣውላ አንስቶ በስልኩ መብራት ወደ ሞተሩ ክፍል ተመለከተ፤ አልተንበረከከም፣ ካቻቢቴም ሆነ ፒንሳ ከቦርሳው አላወጣም። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዞ አሸተተና «አልቋል» አለኝ። አዲስ ካምቢዮ ከነሥራው 2,350 ፓውንድ እንደሚፈጅ፣ እዚህ ዳር ላይ ሊሠራ እንደማይችልና ወደ ግቢያቸው በ420 ፓውንድ መጎተት እንዳለበት ነገረኝ። ላንገራግር ስል ያስፈራራኝ በሕግ ነበር፦ ቋሚ ማሰሪያ፣ ማለትም የራሱ የማቆሚያ ቦታ፣ የሌለው ጀልባ ከ14 ቀን በላይ አንድ ቦታ ከቆመ ባለሥልጣኑ ይወስደዋል አለኝ። እኔም በስልኩ ገጽ ላይ በጣቴ ፈረምኩ፤ የፈረምኩትን አላነበብኩም፤ እንዳነብ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ፊት ይሉኝታ ያዘኝ።

ስለዚያ ማስፈራሪያ እዚሁ ላይ ልቁምና ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ነውና። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኛውን ቦይ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ቋሚ ማሰሪያ ለሌላቸው ጀልባዎች የ14 ቀኑ ገደብ የመጣው ከ1995ቱ የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ሕግ ነው። ሕጉ ግን 14 ቀን ብሎ አላበቃም፤ «ወይም እንደ ሁኔታው ተገቢ የሆነ ከዚያ የሚረዝም ጊዜ» የሚል ቃል አለው። የተበላሸ ሞተር እንዲህ ላለው ሁኔታ ጥሩ ምሳሌ ነው። መደረግ ያለበት ጀልባው በቆመበት ቀን ለድርጅቱ ቦታውን፣ የጀልባውን ቁጥርና የብልሽቱን ምክንያት ጽፎ ማሳወቅና መልሱን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ድርጅቱ ሞተራችሁን አይጠግንም፣ አይጎትትላችሁምም፤ ይሁን እንጂ ብልሽቱን በጊዜ ያሳወቀን ሰው ጀልባ በ15ኛው ቀን መጥቶ አይወስድም። ይህን ባውቅ ኖሮ ጀልባዬ ከነበረበት አይነቃነቅም ነበር።

ጀልባው በማግስቱ ሁለት ሎክ ወደታች ተጎትቶ ግቢያቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ፤ ጀልባው ዳር ላይ እያለ ሥራ ፈላጊው እርሱ ነበር፣ ግቢው ከገባ በኋላ ግን ለማኙ እኔ ሆንኩ። የካምቢዮውን ግማሽ ዋጋ፣ 1,175 ፓውንድ፣ አስቀድሜ እንድከፍል ጠየቁኝ፤ ገንዘቡ ስላልነበረኝ ጥቂት ቀን እንዲታገሱኝ ብለምናቸው፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ በየቀኑ 25 ፓውንድ የማቆያ ኪራይ እንደሚታሰብ የፈረምኩት ውል ላይ መኖሩን አሳዩኝ። በእንግሊዝ ሕግ ጠጋኝ ለሠራው ሥራ የሚገባውን እስኪከፈል ድረስ ንብረቱን ይዞ የመቆየት መብት አለው፤ ይህ መብት ለማቆያ ኪራይ በራሱ የሚዘረጋ ባይሆንም፣ በውል ከተጻፈ ግን ሌላ ክርክር ይከፍታል። ስለዚህ ምርመራው በጽሑፍ ሳይሰጣችሁና ዋጋው ሳይቆረጥ ጀልባችሁን ወደ ማንም ግቢ አታስጎትቱ።

ያዳነኝ ቀድሞ አጠገቤ ያስሩ የነበሩ አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል በጀልባ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ታሪኩን ስነግራቸው የጠየቁኝ «የካምቢዮውን ዘንግ በእጁ አንቀሳቅሶት ነበር?» ብለው ብቻ ነው። አላንቀሳቀሰውም። በአስራ ሁለተኛው ቀን አብረውኝ ወደ ግቢው ሄዱና፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከእጀታው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ገመድ ተከትለው መጨረሻው ላይ ያለውን ቡሎን ፈቱት። ገመዱ ከመያዣው ግማሽ ጣት ያህል ገባ ብሎ ተበጥሷል፤ ከላይ ፕላስቲክ ልባሱ ደህና ስለሚመስል አጎንብሶ ላልነካው ሰው አይታይም። ቀጥለው በካምቢዮው ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ በእጃቸው ወደፊት አደረጓትና ሞተሩን በዝቅተኛ ፍጥነት አስነሳሁ፤ የፕሮፔለሩ ዘንግ ወዲያው መዞር ጀመረ። ካምቢዮው ፈጽሞ ምንም አልሆነም ነበር። አዲሱን ገመድ 38 ፓውንድ ገዝቼ በዚያው ሳምንት እርሳቸው እያሳዩኝ ገጠምኩት።

ይህን ሙከራ የምትሞክሩ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ እጅም፣ የሹራብ ጫፍም፣ ነጠላም ከሚዞረው ዘንግ አጠገብ አይድረስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፕሮፔለሩ መታየት አለበት፤ ቦይ ላይ ጀልባ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ የተጣለ ላስቲክ፣ ገመድ ወይም ልብስ ተጠምጥሞበት ነውና። ከኋላ ባለው መክደኛ በኩል እጅ ገብቶ ይጸዳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችሁ ውስጥ መግባት አለበት፣ መክደኛውም ሲመለስ በደንብ ካልጠበቀ ውሃ አስገብቶ ጀልባውን ሊያሰጥም ይችላል። የላላ ቺንጋ፣ የሞተ ባትሪና ናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃም የተለመዱ ናቸው፤ እነዚህ ሁሉ ግቢ ሳይገባ ዳር ላይ የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ጀልባዬን ለማስወጣት የዘጠኝ ቀን ኪራይ 225 ፓውንድ ከፈልኩ፤ ደረሰኙ ላይ ግን «ዕዳውን ሳልቀበል፣ በተቃውሞ የተከፈለ» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ፎቶ አነሳሁት። የመጎተቻውን 420 ፓውንድ እንደ ዕድል ሆኖ በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ነበር። በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ነገር በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ፣ ሻጩ ሲያጠፋ ካርዱን የሰጠው ባንክም አብሮ ይጠየቃል። የገመዱን ፎቶ፣ የአዛውንቱን አጭር የጽሑፍ ምስክርነትና ውሉን አያይዤ ላክሁ፤ ከሰባት ሳምንት በኋላ ሙሉው ተመለሰልኝ። በባንክ ያስተላለፍኩትን 180 ፓውንድ ግን ባንኬ አልመልስም አለ፤ ማጭበርበር ለደረሰበት ሰው ባንኮች እንዲመልሱ የሚያስገድደው የ2024ቱ ደንብ፣ ሥራው በደንብ አልተሠራም የሚል የፍትሐ ብሔር ክርክርን አይሸፍንም ብሎ መለሰልኝ። ቅር ቢለኝም ደንቡ እውነትም እንዲያ ነው። ስለዚህ የመጥሪያ ክፍያ በባንክ ማስተላለፍ ካልሆነ አልመጣም የሚል ሰው ቢቀር ይሻላል።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ማንኛውም አገልግሎት በተገቢ ጥንቃቄና ችሎታ እንዲሰጥ፣ ዋጋ አስቀድሞ ካልተቆረጠም ተመጣጣኝ ዋጋ ብቻ እንዲከፈል ያዛል። ከሻጩ ግቢ ውጭ የተፈረመ ውልን በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ የሚያስችል የ2013 ደንብም አለ፤ አስቸኳይ ጥገና ለማስደረግ ራሳችሁ የጠራችሁት ሰው ሲሆን ይህ መብት አይሠራም፤ ነገር ግን ሰውየው ከተጠራበት ጥገና ውጭ ሌላ አገልግሎት ወይም ዕቃ ጨምሮ ከሸጠላችሁ፣ ለጨመረው ነገር መብቱ ይመለሳል። እነዚህ ሰዎች «አስቸኳይ ስለሆነ መሰረዝ አይቻልም» የሚሉት ግማሹን ብቻ እየነገሩ ነው። ለጋዝ ሥራ ጋስ ሴፍ የተባለው መዝገብ ላይ ስሙ ያለና ለጀልባ ጋዝ የተፈቀደለት ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ለሞተር ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ፈቃድ ስለሌለ፣ መፍቻ የያዘ ሁሉ ራሱን የጀልባ መካኒክ ማለት ይችላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብኛል እንጂ፣ አሁን ዓመታዊ የብልሽት እርዳታ አባልነት ገዝቻለሁ። ስትገዙ ክፍያው የሰውን ድካም ብቻ ነው ወይስ መለዋወጫንም የሚሸፍነው፣ በዓመት ስንት ጥሪ ይፈቅዳል፣ መጎተትን ይጨምራል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለጀልባ ፈቃድ የግድ የሚያስፈልገው ኢንሹራንስ በእርጅና የተበላሸ ሞተርን ይሠራልናል ብላችሁ አትጠብቁ። በክራይ ጀልባ የምትዝናኑ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሌላ ማንንም ሳትጠሩ ላከራያችሁ ደውሉ፣ ከኪሳችሁም ምንም አትክፈሉ።

ነፃ ምክር በሚሰጠው በሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች ስልክ በኩል አቤቱታዬ የንግድ ሕግን ለሚያስከብረው የመስተዳድር ክፍል፣ ለትሬዲንግ ስታንዳርድስ፣ እንዲተላለፍ አድርጌያለሁ፤ ሸማች በቀጥታ ለእነርሱ ስለማይደውል መንገዱ ይኸው ነው። ለቀረው 405 ፓውንድ፣ እስከ 10,000 ፓውንድ የሚደርስ ክርክር በሚታይበት የአነስተኛ ክሶች ችሎት ከመክሰሴ በፊት የሚላከውን ደብዳቤ ጽፌ 14 ቀን ሰጠኋቸው። በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ይቅርታ የለውም፣ ስለ ገመዱም አንድ ቃል አላነሳም፤ ለሚቀጥለው ጥሪዬ የ50 ፓውንድ ቅናሽ ግን ሰጥተውኛል። የተበጠሰውን ገመድ ከነቡሎኑ በላስቲክ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ቀነ ገደቡ የሚያበቃው የፊታችን ሐሙስ ነው።