ለደመወዝ ድርድር የትኛው የግሽበት ቁጥር ይሻላል?

አዳማ ገበያ ሽንኩርት አምና ጥር ኪሎው 50 ብር ነበር፣ ዘንድሮ ጥር 75 ገባ እንበል። ከዓመት ዓመት የሚሰላው ቁጥር 50 በመቶ ጨመረ ይላችኋል። ትኩስ ወሬ ነው። ግን አምና በዚያው ወር ሽንኩርት እንዲያው ረክሶ ከነበረ፣ የዘንድሮው ጭማሪ ያለ ቅጥ ይጋነናል።

የ12 ወር ተንከባላይ አማካይ የአንድ ወር ግርግር ብዙም አይነቀንቀውም። የመጨረሻዎቹን 12 ወራት አማካይ ከዚያ በፊት ካሉት 12 ጋር ያስተያያል። ረጋ ያለ ነው፣ ግን ይዘገያል። ዋጋ ዛሬ ቢንር እሱ ገና ይንፏቀቃል።

ለዓመት ደመወዝ ድርድር እኔ አማካዩን እመርጣለሁ። (አከራዮች የቱን እንደሚመርጡ መገመት አያቅትም፤ ከፍ ያለውን!)

ታዲያ በሁለቱም ስሌት ጤፉም፣ ኪራዩም፣ ታክሲውም እንደ ወጪ ድርሻቸው ይመዘናሉ። ሽንኩርት ብቻውን 50 በመቶ ቢወደድ ጠቅላላው ግሽበት 50 አይገባም።