ክረምቱን ሞተር ውስጥ የከረመው ቤንዚን

ይህን የውሃ መሳቢያ ሞተር ልሰድበው ተነሥቼ ነበር፤ አሁን ስድቡ ወደ ሻጩ ዞሯል።

አምና ኅዳር ላይ ባሕር ዳር ገዝቼ ወደ መራዊ አመጣሁት፤ ባለ 6.5 የፈረስ ጉልበት፣ በቤንዚን የሚሠራ። «ዘይቱን ብቻ ተመልከት፣ ሌላ ምንም አይጠይቅህም» ብሎኝ ነበር ሻጩ። እስከ ግንቦት ሽንኩርትና ድንቼን አጠጣልኝ፤ ስለዚያ የምለው የለኝም። ሰኔ ሲገባ ከነቤንዚኑ ጎተራ ሥር አስቀመጥሁት።

ጥቅምት ላይ ችግኝ ላጠጣ ሳወጣው ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ ዝም! ትከሻዬ ሊነቀል ደረሰ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቼ አየሁት፤ ብልጭታ አለው። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ፒስተኑ ነው» ይለኛል። መካኒክ ዘንድ ብወስደው ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም አለ። ዋጋውን ስሰማ ሞተሬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ።

ካርቡራተሩ ሥር አንዲት ቡሎን አለች። እሷን ስፈታ ትንሿ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ወረደች፤ ውስጧ ቀለም ቀለም የሚሸት ቢጫ ሙጫ! ለካ ቤንዚን ብዙ ሲቆይ ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ የቤንዚኑ ማለፊያ ቀዳዳ ደግሞ ከመርፌ ዓይን ይጠብባል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዝዤ ጎረጎርሁት። የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ስለሚያሰፋው አልነካሁም። አሮጌውን ቤንዚን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። በሦስተኛው ስበት ተነሣ።

እንግዲህ አንተ ሻጭ፣ ሰኔ ላይ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግቼ በራሱ እስኪጠፋ ባሠራው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ናት! ብትነግረኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? «መመሪያው ላይ አለ» ትለኝ ይሆናል። አለ፣ በእንግሊዝኛ። ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ከ1500 ሜትር ከፍታ በላይ ለሚሠራ ሞተር የካርቡራተሩ ቀዳዳ በጠባብ መቀየር እንዳለበትም እዚያው አገኘችው። ካንዴላው በጋውን ሙሉ በጥላሸት ሲጠቁር የከረመው ለካ ለዚህ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጣና ራሱ 1800 ሜትር ገደማ ላይ አይደለም እንዴ? ለዚህ ሞተር የሚመች ዝቅተኛ ቦታ ፍለጋ ዓባይ በረሃ ልውረድልህ? የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ውስጥ ይቀየር የሚለውንም ያየነው ያኔ ነው። እኔ ስንት ሰዓት እንዳሠራሁት እግዚአብሔር ይወቅ።

ሞተሩን ግን አልሸጥም። ከሌላ ሱቅ ቢሆን ደግሜ እገዛዋለሁ።

«ፒስተኑ ነው» ያለኝ ጎረቤቴ ትናንት ሊዋሰው መጣ። ሰጠሁት፤ ሲጨርስ ቤንዚኑን ዘግቶ እስኪጠፋ እንዲያሠራው አስምዬ ነው።