ኢላስቲክሰርች በአንድ ኮምፒውተር ላይ፦ አስቸጋሪ አጀማመር፣ የሚያስተማምን ሥራ

ኢላስቲክሰርች ጥሩ የጽሑፍ መፈለጊያ ሶፍትዌር ነው፤ በአንድ ማሽን ብቻ ሲጭኑት ግን መጀመሪያ የሚያሳየው ፊት ያስፈራል። ይህን የምለው በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስካን የተደረጉ የአማርኛ ደብዳቤዎችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና የቆዩ መጽሔቶችን አንባቢ በቃል እየፈለገ እንዲያገኝ አንድ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ስለማስተዳድረው ነው። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 500 ጊጋባይት ዲስክ አለው፤ የሚሠራውም በሊኑክስ ነው። ሁለተኛ ሰርቨር የለንም፣ በቅርቡም አይገዛልንም። ብዙ ቢሮዎች እንደ እኛው ስለሆኑ ግምገማውን ለእነሱ ብዬ ጻፍኩት።

ሶፍትዌሩን ሻይ ባኖን የተባለ ፕሮግራም አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ለቀቀው። የሐሳቡ መነሻ የምግብ ሙያ ትማር ለነበረችው ባለቤቱ የምግብ አሠራሮችን የሚፈልግ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ከውስጥ ሆኖ የፍለጋውን ሥራ የሚሠራው ሉሲን የሚባለው የክፍት ምንጭ ቤተ ፕሮግራም ሲሆን፣ ኢላስቲክሰርች በላዩ የጨመረው ትልቁ ነገር ሥራውን ለብዙ ማሽኖች ማከፋፈል ነው። መረጃው ሻርድ በሚባሉ ክፍሎች ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ ሻርድ ሌላ ማሽን ላይ ቅጂ ይኖረዋል፤ አንዱ ማሽን ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል። እንግዲህ ለደቦ የተሠራ ነገር ነው ብቻውን እረስ የምንለው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚገጥሙት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው፤ ይህን የተረዳ ሰው የስህተት መልእክቶቹን ሲያነብ አይደናገጥም።

መጀመሪያ የሚመጣው የጓደኛ ፍለጋው፣ ማለትም ሌሎች ማሽኖችን መፈለጉ ነው። ሰርቨሩ (ኢላስቲክሰርችን ማለቴ ነው) ከራሱ ማሽን ብቻ ሲጠራ ያለ ጭቅጭቅ ይነሳል። የቢሮው ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲደርሱበት የኔትወርክ አድራሻው ሲከፈት ግን እውነተኛ አገልግሎት ላይ እንደዋለ ይቆጥራል፤ ቀድሞ በማስጠንቀቂያ ያለፋቸውን ነገሮች ሁሉ ስህተት ብሎ አልነሳም ይላል። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ዲስከቨሪ ታይፕ» የሚለውን «ሲንግል ኖድ» ማለት ብቻውን መሆኑን መንገር ነው። እዚህ ላይ ከስሪት 8 ወዲህ ያለ ወጥመድ አለ። ሲጫን «ኢኒሻል ማስተር ኖድስ» የሚል መስመር በራሱ ይጽፋል፤ ሁለቱ መስመሮች ደግሞ አብረው አይኖሩም። የድሮውን መስመር ሳያጠፉ አዲሱን የሚጨምሩ ሁሉ ሰርቨሩ እንደማይነሳ ያያሉ። ምክንያቱ ሰርቨሩ ክንውኑን በሚመዘግብበት የሎግ ፋይል ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ እንዲያውም ከዚህ ሶፍትዌር እጅግ የማደንቀው ሎጉን ነው። ምን እንደጎደለ፣ የጎደለው አሁን ስንት እንደሆነና ስንት መሆን እንዳለበት በቁጥር ይናገራል።

ለምሳሌ የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ የ«ማክስ ማፕ ካውንት» ልክ እንውሰድ፤ አንድ ፕሮግራም ስንት የሜሞሪ ክፍሎች መያዝ እንደሚችል የሚወስን ነው። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ 65530 ሆኖ ይገኛል፤ ኢላስቲክሰርች ቢያንስ 262144 ይፈልጋል። በዴቢያን ወይም በሬድሃት ጥቅል የጫነ ሰው ጥቅሉ ራሱ ስለሚያስተካክልለት ይህን ችግር ላያየው ይችላል። በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ወይም በታመቀ ፋይል የጫነ ግን በእጁ ማስተካከል አለበት፤ ቁጥሩንም በሲስኮንትሮል የቅንብር ፋይል ውስጥ መጻፍ ይኖርበታል። በትእዛዝ ብቻ ከቀየረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በዋና አስተዳዳሪ መለያ ለማስነሳት መሞከርም ትርፍ የለውም፤ ሰርቨሩ በዚያ መለያ ፈጽሞ አይነሳም፣ ልክም ነው።

ቀጥሎ ብዙዎችን የሚያቆማቸው የደህንነቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ስሪት 8 ጀምሮ የይለፍ ቃልና የተመሰጠረ ግንኙነት ገና ሲጫን በርተው ይመጣሉ። ሰርቨሩ የሚጠራበትን ፖርት 9200ን በቀድሞው ልማድ ያለ ምስጠራ የጠራ ሰው ባዶ ምላሽ ብቻ ያገኛል፤ ሎጉ ግን ያልተመሰጠረ ጥያቄ በተመሰጠረ መስመር እንደመጣ ይናገራል። አድራሻውን በኤችቲቲፒኤስ መጥራት፣ ሰርቨሩ ራሱ ያዘጋጀውን ሰርተፍኬት ማሳየትና ሲጫን ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የታየውን የይለፍ ቃል ማስገባት ይበቃል። የይለፍ ቃሉ ከጠፋም ዳግም የሚያወጣ መሣሪያ አብሮት አለ። ደህንነቱን አጥፍቶ መገላገል ይቻላል የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ክፍት የተተዉ በሺዎች የሚቆጠሩ የመረጃ ቋቶች በአንድ የጥቃት ዘመቻ ባዶ ሲደረጉ ኢላስቲክሰርቾችም ነበሩባቸው።

በሜሞሪ ነገር አጭር ልሁን። ሰርቨሩ በራሱ ፈቃድ ከማሽኑ ሜሞሪ ግማሹን ያህል ለሚሠራበት ለጃቫ ይይዛል፤ ሉሲን ደግሞ ከቀረው የስርዓተ ክወናው የፋይል ማቆያ ላይ ይደገፋል። ሌላ ሥራም በሚሠራ ማሽን ላይ ይህ ይከብዳል፤ ዶከር ውስጥ ሰርቨሩ በ137 የመውጫ ቁጥር ድንገት ከሞተ በአብዛኛው የሜሞሪ ማነስ ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ልክ እኩል አድርጎ በተለየ ፋይል መጻፍ ይሻላል፤ የፋይሉ ስም «ኦፕሽንስ» በሚለው ቅጥያ ካላለቀ ግን ሰርቨሩ አያነበውም። እኔ 4 ጊጋባይት ሰጥቼው ለእኛ ክምችት በቂ ሆኗል።

ሁሉም ነገር ሠርቶ የጤና ሁኔታው ቢጫ ሲሆን ሰው ይጨነቃል። ቢጫ ማለት መረጃው በሙሉ አለ፣ ቅጂው ግን ማረፊያ አጣ ማለት ነው። ሰርቨሩ ዋናውንና ቅጂውን አንድ ማሽን ላይ አያስቀምጥም፤ ማሽኑ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉና። የቅጂዎች ቁጥር ዜሮ ሲደረግ ሁኔታው አረንጓዴ ይሆናል። ሊያሳስብ የሚገባው ቀይ ነው።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ ነጥብ የምቀንስበት ይህ ነው። ኢላስቲክሰርች ለዓረብኛ፣ ለቤንጋሊ፣ ለአርመንኛና ለሌሎች ብዙ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ተንታኝ (የቋንቋውን ቃላት ለፍለጋ የሚያዘጋጅ ክፍል) ይዞ ሲመጣ ለአማርኛ ግን የለውም። ቃላትን በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ መለየቱን ያውቅበታል። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን ግን አያገኝም፤ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ኃይል» እና «ሀይል»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ለእሱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። የቆዩ ሰነዶች ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ እንኳ አጻጻፋቸው ይለያያል።

ደግነቱ፣ መድኃኒቱ እዚያው ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ፊደል ለፊደል የሚተካ ማጣሪያ ማዘጋጀት ይቻላል፦ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ ወደ ሀ፣ ንጉሡ ሠ ወደ ሰ፣ ፀሐዩ ፀ ወደ ጸ፣ ዓይኑ ዐ ወደ አ፣ እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተዘርዝረው። ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር ማዋሐድም አይረሳ። ማጣሪያው ሰነዱ ሲገባም ጥያቄው ሲመጣም ይሠራል፤ ለአንባቢው የሚታየው ጽሑፍ ግን በዋናው አጻጻፉ ይቆያል። ይህ የፊደላችንን ክብር ሳይነካ ፍለጋውን ስለሚያቃና እጅግ ደስ ይለኛል። ሥራው መሠራት ያለበት ሰነዶች ከመግባታቸው በፊት ነው፤ በኋላ ከተቀየረ ሁሉንም እንደገና ማስገባት ግድ ይሆናል።

ምዕላዶቹ ይከብዳሉ። «የመሬት»፣ «በመሬት»፣ «ለመሬቱ» የሚሉትን ከ«መሬት» ጋር ለማገናኘት የፊተኛውን ፊደል ዝም ብሎ መቁረጥ አደጋ አለው፤ «በሬ» እና «ከተማ» አብረው ይቆረጣሉ። እኔ የተጠቀምኩበት መንገድ ያንኑ ጽሑፍ በሁለተኛ መስክ በትንንሽ የፊደላት ቁርጥራጭ ማስገባትና ለዚያ መስክ ዝቅ ያለ ክብደት መስጠት ነው። ትክክለኛው ቃል ከላይ ይወጣል፣ ዘመዶቹ ከሥር ይከተላሉ። ዲስክ ይበላል፤ ለአንባቢ የሚሰጠው አገልግሎት ግን ይክሰዋል።

ዲስክ ካነሳሁ፣ ከ95 በመቶ በላይ ሲሞላ ሰርቨሩ ኢንዴክሶቹን (ሰነዶቹ ለፍለጋ የሚቀመጡባቸውን ክምችቶች) አዲስ ነገር እንዳይጻፍባቸው ይቆልፋል። በአንድ ማሽን ላይ የስካን ምስሎችም እዚያው ከተቀመጡ ይህ ሳይታሰብ ይደርሳል። ከስሪት 7.4 ወዲህ ቦታ ሲለቀቅና ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ቁልፉ በራሱ ይከፈታል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ከሁሉም በላይ የማመሰግነው ጠባዩን ልናገር። እያንዳንዱን የመጻፍ ጥያቄ ተቀበልኩ ከማለቱ በፊት ወደ ዲስክ መዝገቡ ስለሚያሰፍረው፣ የእኛ ማሽን በሥራ መሀል ኃይል ተቋርጦበት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆኖ ቆይቶ መዝገቡን አንብቦ ራሱን ያቃናል። አስገባሁ ያለኝን ሰነድ አጥቼበት አላውቅም።

ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተቀየረ በኋላ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣው ኦፕንሰርችም አለ፤ እዚህ ስለ ቅጂዎች፣ ስለ ከርነሉ ልክና ስለ አማርኛ ማጣሪያው ያልኩት ለእሱም ይሠራል። ማሽናቸው ከ4 ጊጋባይት የማይበልጥ ሜሞሪ ላላቸው ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ያለው የጽሑፍ ፍለጋ ይቀላቸዋል።

ለሚጭን ሰው በመጨረሻ የምለው ስለ መጠባበቂያ ነው። ቅጂዎችን ዜሮ አድርገናልና ሌላ መዳኛ የለንም። የዳታ ማህደሩን ሰርቨሩ እየሠራ መገልበጥ መጠባበቂያ አይሆንም፤ የሶፍትዌሩን የራሱን የመጠባበቂያ ዘዴ፣ ስናፕሾትን፣ መጠቀም ያስፈልጋል። ማስቀመጫው ማህደር በቅንብር ፋይሉ ላይ «ፓዝ ሪፖ» በሚለው መስመር ካልተመዘገበ ሰርቨሩ አይቀበለውም፤ ከመዘገቡት በኋላም ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት ያስፈልጋል። ማህደሩ በሌላ ዲስክ ላይ ይሁን።