ከመቁረጣቸው በፊት ላስረዱኝ ሐኪም

ስለዚህ ሕመም በአደባባይ አይወራም። ብዙዎቻችሁ ግን በዝምታ እየተሰቃያችሁበት እንደሆነ ስለማውቅ በግልጽ እጽፈዋለሁ። ሥር የሰደደ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነበረብኝ። ሐኪሞች ፊሸር ይሉታል። ሽንት ቤት መግባት እንደ ምጥ ነበር። ከወጣሁ በኋላም ለሰዓታት ያቃጥለኛል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ በደንብ ሳያየኝ "ኪንታሮት ነው፣ ቶሎ ይቆረጥ" አለኝ። ቤተሰብ ደግሞ የባህል ሐኪም ጋ ካልወሰድንሽ አሉ። በዚህ መሃል ጓደኛዬ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ጠቆመችኝ። ዛሬ የማመሰግነው እሳቸውን ነው።

ዶክተር ሕመሜን አይተው ጣትም መሣሪያም አላስገቡም። ቀስ ብለው ገለጥ አድርገው በዓይናቸው ስንጥቁን አገኙት። ኪንታሮት አልነበረም። ስንጥቁ እንደተለመደው ከኋላ፣ መሃል ላይ ነበር። ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ ቲቢንና የአንጀት ቁስለትን ጭምር እንደሚመረምሩ ነገሩኝ። ለምን እንደማይድን ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ሲያመን የፊንጢጣው ውስጠኛ ጡንቻ ይኮማተራል። ሲኮማተር ለቁስሉ የሚደርሰው ደም ያንሳል። ቁስሉ ሳይሽር ደግሞ የደረቀ ሰገራ መልሶ ይቀደዋል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈው ሥር ሰደደ ይባላል።

ቀዶ ሐኪም ሆነው ሳለ ለመቁረጥ አልቸኮሉም። ጡንቻውን የሚያላላ ዲልቲያዜም የሚባል 2 በመቶ ቅባት አዘዙልኝ። ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ተቀመጪ፣ ውሃ ጠጪ፣ አትክልትና ተልባ አዘውትሪ አሉኝ። በዚህ ብቻ የሚድን ብዙ ሰው አለ። እኔም ተሽሎኝ ነበር፤ ቅባቱን ሳቆም ግን ተመለሰብኝ።

ከዚያ ስለ ኦፕራሲዮኑ ቁጭ ብለን አወራን። ከውስጠኛው ጡንቻ ጥቂቱ በጎን በኩል ይቆረጣል። ጡንቻው ሲላላ ደም ይደርሳል፣ ቁስሉም ይሽራል። ከ10 ሰው 9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ይድናል። ስጋቱንም አልደበቁኝም። ጋዝ ወይም ትንሽ ፈሳሽ ሊያመልጥ ይችላል፣ አንዳንድ ሰው ላይም ሳይጠፋ ይቀራል። "ልጆችሽን በምን ወለድሽ? ስትወልጂ ተቀደሽ ነበር?" ብሎ የጠየቀኝ ከእሳቸው በፊት ማንም የለም። በወሊድ ጡንቻዋ የተጎዳ ሴት ላይ ስጋቱ ይጨምራላ! ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የቦቶክስ መርፌ አለ። ጡንቻውን ለጥቂት ወራት ያላላል፣ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ግን ከኦፕራሲዮኑ ይበልጣል። እኔ አልተቀደድኩም ነበር። እንዲያም ሆኖ "ድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ ቤትሽ ሄደሽ አስቢበት፣ ከባለቤትሽም ተማከሪ" ብለው ሸኙኝ።

አስቤበት ኦፕራሲዮኑን መረጥኩ። በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ። ሽንት ቤት ስገባ የሚይዘኝ ፍርሃት ብዙም ሳይቆይ ለቀቀኝ። መጀመሪያ አካባቢ ጋዝ መያዝ ያስቸግረኝ ነበር። አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም፤ አሁን ጠፍቷል።

ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሳትጸየፍ ያስታመመችኝ ነርስም ትባረክ።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ተመላላሽ የሚያዩበትን ቀን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የሞከራችሁትን ቅባትና መድኃኒት ይዛችሁ ሂዱ። እናቶች፣ ስለ ወሊዳችሁ ባይጠይቋችሁም ንገሯቸው።