ኒስታቲን የአፍ ሽሮፕ ኩላሊት ለተተከለለት ሰው

ኒስታቲንን ብዙ ቤት የሚያውቀው የሕፃን አፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን፣ ማለትም ፈንገስ፣ ሲወጣ ነው። ኩላሊት ለተተከለለት አዋቂም የሚታዘዘው ያው ሽሮፕ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ከያዘው ለሕፃን 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ለአዋቂ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሊትር፣ በቀን አራት ጊዜ ነው። በጠብታ መስጫዋ አንዴ ስቦ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ሰው የወሰደው የሕፃን መጠን ነው።

ሂሳቡን ከፋርማሲው ሳይወጡ ይሥሩት። 5 ሚሊ ሊትር አራት ጊዜ በቀን 20 ይሆናል፤ ባለ 30ው ብልቃጥ በሁለተኛው ቀን እኩሌታ ላይ ያልቃል። ለሳምንት አምስት ብልቃጥ ማለት ነው።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መድኃኒቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ካልተናጠ የላይኛው ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ይውለቅ፤ ፈንገሱ እሱም ላይ ስለሚቀመጥ ለብቻው ይጽዳ። ግማሹን በአንድ ጉንጭ፣ ግማሹን በሌላው ይዞ የተቻለውን ያህል መጉመጥመጥ፣ ከዚያ መዋጥ። ከምግብ በኋላ ይወሰድ፤ ወዲያው ቡና ከተጠጣበት ግን ታጥቦ ሄደ። ነጩ ከጠፋ በኋላም ሁለት ቀን ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስችለው አንድ ነገር ነው፦ ኒስታቲን ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ ታክሮሊመስን፣ አይነካም። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል በቀን አንድ ካፕሱል ስለሆነ ያጓጓል። ነገር ግን ታክሮሊመስን የሚሰባብረውን የጉበትና የአንጀት ኢንዛይም ያግዳል፤ ታክሮሊመሱ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ልኬት፣ ክሬአቲኒን፣ ከፍ ይላል። ፍሉኮናዞሉ ሲቆም ደግሞ በእሱ ምክንያት በተቀነሰው መጠን የቀረው ታክሮሊመስ ደም ውስጥ ይወርዳል፤ ሰውነት ኩላሊቱን የሚገፋበት በር የሚከፈተው ያኔ ነው። ሲጀመርም ሲቆምም የታክሮሊመስ መጠን በደም ምርመራ ካልታየ ፍሉኮናዞል አይነካም። «ጄል ብቻ ነው» ተብሎ የሚሰጠው የአፍ ሚኮናዞልም ያው ጠባይ አለው።

የኒስታቲን ድንበሩ አፍ ነው። ምግብ ሲዋጥ ደረት ውስጥ የሚያም ከሆነ ፈንገሱ ጉሮሮውን አልፎ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ሐኪሙ፣ የታክሮሊመሱን መጠን እያስተካከለ፣ ፍሉኮናዞል ማዘዙ አይቀርም። ትኩሳት ወይም ሳል ካለ በሽሮፕ ቀን መግፋት አደጋ ነው።

ሌላው ጉድለት ስኳሩ ነው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ጣፋጭ ናቸው፤ በፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ መድኃኒት) እና በታክሮሊመስ ምክንያት ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ስኳር አልባውን ይጠይቅ።