የኩሽና ሚዛኔ እና ያቺ «ሚሊ ሊትር» የምትል ቁልፍ

ይህን ዲጂታል ሚዛን ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ባትሪውም አላስቸገረኝም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። መናገር የፈለግኩት ስለ አንዲት ቁልፍ ነው፤ «ሚሊ ሊትር» ስለምትለዋ።

ሻጩ ከሁሉም በላይ ያወራልኝ ስለ እሷ ነበር። «እህቴ፣ ከእንግዲህ መለኪያ ጆግ አያስፈልግሽም። ማንኛውንም ፈሳሽ ይለካልሻል» አለኝ። ለውሃ እውነቱን ነው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም፣ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ይመዝናል። እንዲያው የገጠመ ነገር አይደለም፤ ፈረንሳዮች በ1795 እ.ኤ.አ. ግራምን ሲደነግጉ መነሻ ያደረጉት ውሃን ነው። ውሃው ለብ ካለ ጥቂት ግራም ይቀንሳል፣ ለዳቦ ሊጥ ግን ምንም አይደለም።

ጉዱ የወጣው ዘይት ላይ ነው። ያልተከፈተ የ1 ሊትር ዘይት ገልብጬ ስለካው 920 ሚሊ ሊትር ገደማ አሳየኝ። ባዶውን ፕላስቲክ አጥቤ፣ ዘይቱ ደርሶ እስከነበረበት ድረስ ውሃ ሞልቼ ለካሁት። አንድ ሺህ አካባቢ መጣ። ፕላስቲኩ ልክ ነው ማለት ነው። ሚዛኑን ይዤ ሱቁ ስሄድ ሻጩ «ፋብሪካው አጉድሎብሽ ነው» አለኝ። ኧረ በፍጹም! ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ለዚህም ነው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው። 1 ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ነው የሚመዝነው። ቁልፏ ግን ግራሙን እንዳለ ወስዳ «ሚሊ ሊትር» የሚል ስም ትለጥፍበታለች። የምታውቀው ውሃን ብቻ ነው።

«ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ወተት ከሆነ እሺ፤ 1 ሊትሩ 1,030 ግራም ገደማ ነው፣ ይታለፋል። ማር ሲሆንስ? 1 ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህች ቁልፍ «1 ሊትር» ማር የለካ ሰው እጁ ላይ ያለው 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ጠጅ ለመጣል አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ያሰበ ሰው፣ ሳያውቀው አንድ ለአራት አልፎ ይሄዳል። ጠጁ ይሳሳል። በማር ዋጋ ላይ ይህ እንዴት ትንሽ ይባላል? እናቶቻችን ማሩንም ውሃውንም በአንድ ጣሳ ነበር የሚሰፍሩት። እንዲህ ሲሰፈር መጠኑ አይዛባም።

ያናደደኝ ሚዛኑ አይደለም። «ማንኛውንም ፈሳሽ» የሚለው ቃል ነው። ቁልፏ ላይ «ለውሃ» ብለው ቢጽፉባት አንድም ቅሬታ አይኖረኝም ነበር። አንዳንድ ሚዛኖች ወተትን እንኳ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም። ሚዛኑን ግን አልመለስኩትም፣ አልመልሰውምም። በግራም ሲመዝን ልብ ያሳርፋል። የሊጡን ውሃ የምለካው በእሱ ነው፤ ጆጉን አጎንብሶ መስመሩን ማየት ቀርቶልኛል።

ለጠጅ የምትገዙት ካላችሁ በግራም ብቻ ተጠቀሙበት፤ 1 ኪሎ ከ400 ማር፣ 3 ኪሎ ውሃ። ድምሩ 4 ኪሎ ከ400 ስለሆነ ሚዛኑ ይችለዋል። ዕቃው ግን ቀላል ፕላስቲክ ይሁን። ወደ ዜሮ ብትመልሱትም የዕቃው ክብደት ከ5 ኪሎው ላይ ይቀነሳል።